ሳይቀላ የሚበስል ቲማቲም

በእኛ አነጋገር ቲማቲም "ቀላ" ማለት ደረሰ ማለት ነው። "ቀላ ቀላ ያለውን ምረጪልኝ" ስንል ስለ መልኩ ብቻ አይደለም የምናወራው፤ ለስለስ ያለውን፣ ውሃ የሞላውን፣ ዛሬውኑ ድስት የሚገባውን ማለታችን ነው። አረንጓዴው ደግሞ ጥሬ ነው፤ መስኮት ላይ ተደርድሮ ቀኑን የሚጠብቅ። ግሪን ዜብራ የሚባለውን አረንጓዴ ባለ መስመር ቲማቲም ወይም ዘመዶቹን ጓሮው የተከለ ሰው የሚቸገረው በዚህ ልማድ ነው። ፍሬው አይቀላም። እስኪቀላ የጠበቀ ሰው ተክሉ ላይ እንዳለ ይፈርስበታል። ቸኩሎ የቀጠፈ ደግሞ ጠንካራና ምላስ የሚያኮማትር ነገር ቀምሶ "ይሄ ዝርያ አይረባም" ብሎ በሚቀጥለው ዓመት ይተወዋል።

ስለ አረንጓዴ ባለ መስመር ቲማቲሞች የሚሰማው ቅሬታ አብዛኛው ከተቀጠፉበት ቀን እንጂ ከዝርያቸው የመጣ አይደለም ብዬ አምናለሁ። "የትኛው ይጣፍጣል?" ከሚለው ጥያቄ በፊት "የትኛው በስሏል?" የሚለው መመለስ አለበት። እዚህ የማነሳቸው ቀኖችና ልኮች በአብዛኛው በአሜሪካ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ጓሮ ለሚያለሙ የሚሠሩ ናቸው፤ አዲስ አበባ ለሚሞክር ሰው የሚለየውን ወደ በኋላ እጠቅሳለሁ።

አንድ የግሪን ዜብራ ፍሬ ከአበባዋ ጀምሮ እንከታተል። አበባዋ ረግፎ አተር ስታክል መስመር የላትም ማለት ይቻላል። እያደገች ስትሄድ ከመንጠልጠያዋ ወደ ታች የሚወርዱ ጥቁር አረንጓዴ መስመሮች ይታያሉ። በመካከላቸው ያለው መደብ ነጣ ያለ፣ የጥቅል ጎመን የውስጥ ቅጠል የሚመስል አረንጓዴ ነው። መስመሮቹ በማስመሪያ የተሰመሩ አይመስሉም፤ ይቆራረጣሉ፣ ጠርዛቸው ይተለተላል፣ ወደ ታችኛው ጫፍ ሲደርሱ ተበታትነው ነጠብጣብ ይሆናሉ። አንድ ተክል ላይ ያሉ ሁለት ፍሬዎች እንኳ አንድ ዓይነት መስመር የላቸውም። ይህ መልክ ለአርባ ቀን ያህል አይለወጥም፤ የሚጨምረው መጠን ብቻ ነው። ከዚያ ጥቂት ቀን በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ነገሩ ይዞራል። አበባው የነበረበት ትንሽ ጠባሳ ዙሪያ ያለው ነጣ ያለ መደብ መጀመሪያ ቢጫ ይነካዋል፤ ቢጫው እየሰፋ ወደ ላይ ይወጣል። ጥቁር አረንጓዴው መስመር ግን ባለበት ነው። ሙሉ ስትበስል መደቡ የማር ቀለም ይይዛል። እንግዲህ ዓይን መከተል ያለበት መደቡን ነው፤ መስመሩ ምንም አይነግራችሁም።

ዓይን ብቻውን ግን አይበቃም፤ በተለይ ቅጠል ጥላ ውስጥ ያደገ ፍሬ ቢጫው ፈዝዞ ስለሚቀር። እጅ ይጨመርበት። በአውራ ጣት ሆድ ታችኛውን ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ ተጫኑት፤ ጎኑን አትጫኑ፤ ጎኑ የሚለሰልሰው ዘግይቶ ነው። ያልደረሰ ፍሬ ፍንክች አይልም። የደረሰው ገባ ብሎ ወዲያው ይመለሳል። ገብቶ ካልተመለሰ አልፎበታል፤ ሥጋው እንደ ዱቄት የሚፈረካከስ ሆኗል ማለት ነው። ሦስተኛው ምልክት መንጠልጠያው ላይ ያለችው አንጓ ናት። የበሰለ ፍሬ ወደ ላይ ቀና ሲደረግ አንጓዋ ላይ በቀላሉ ይለቃል። ጎትታችሁ ቅርንጫፍ የሚከተላችሁ ከሆነ ተዉት።

ጥርጣሬ ካለ አንድ ፍሬ ይሠዋ። በአግድም ቆርጣችሁ ዘሩን እዩት። ቢላዋው ዘሩን ራሱን ለሁለት ከቆረጠው ፍሬው ገና ልጅ ነው። ዘሩ ከቢላዋው ሸሽቶ በሙልጭልጩ ፈሳሽ ውስጥ ከተንሸራተተ፣ ሥጋውም ከነጭ አረንጓዴ ወደ ብሩህ አረንጓዴ ከዞረ፣ ደርሷል። ከሁሉ የማይሳሳተው ዘዴ ክር ነው። ከየዝርያው ሁለት ሦስት ፍሬ፣ አተር ባከሉበት ቀን፣ መንጠልጠያቸው ላይ ቀለም ያለው ክር ታስሮ ቀኑ ይጻፍ። አርባ አምስተኛው ቀን ሲደርስ በየጠዋቱ መጫን ይጀመር። ሙቀት ያፈጥነዋል፣ ቅዝቃዜ ያዘገየዋል፤ ሆኖም ክሩ "ገና ነው ወይስ አልፏል?" የሚለውን ጭንቀት ያሳጥራል።

ለምን አይቀላም? ቲማቲም ቀይ የሚሆነው ሁለት ሥራ አብሮ ሲሠራ ነው፤ አረንጓዴው ክሎሮፊል ይፈርሳል፣ ላይኮፒን የሚባለው ቀይ ቀለም ይሠራል። በእነዚህ ዝርያዎች ሁለቱም ሥራዎች በሁለት የተለያዩ የዘረ መል ጉድለቶች ተቋርጠዋል። አንዱ ብቻ ቢቋረጥ ውጤቱ ሌላ ይሆን ነበር። ቀዩ ተሠርቶ ክሎሮፊሉ ሳይፈርስ ከቀረ ፍሬው ጠቆር ያለ ቡናማ ቀይ ይሆናል፤ ቸሮኪ ፐርፕል የሚባለው ዝርያ እንዲህ ነው። ክሎሮፊሉ ፈርሶ ቀዩ ካልተሠራ ቢጫ ቲማቲም ይወጣል። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ነው ውስጡ አረንጓዴ ሆኖ የሚበስል ፍሬ የሚገኘው። የማር ቀለሙ የሚመጣው ከቆዳው ነው። የበሰለ ፍሬ ቆዳ ልጣችሁ ወደ ብርሃን ብትይዙት እንደ ስስ ላስቲክ ቢጫ ሆኖ ይታያል። ቆዳቸው ቀለም አልባ የሆኑ አረንጓዴ ዝርያዎችም አሉ፤ ይህን ምልክት ስለማያሳዩ ጀማሪ ሰው ባይጀምርባቸው እመርጣለሁ።

መስመሩ የሦስተኛ ዘረ መል ሥራ ነው፤ በ7ኛው ክሮሞዞም ላይ ይገኛል። ጥቁር አረንጓዴው ቦታ ላይ ክሎሮፊሉን የሚይዘው የሴል ክፍል፣ ክሎሮፕላስት፣ በብዛት አለ፣ በመደቡ ላይ ያነሰ ነው። ሦስቱም ባሕርያት ድብቅ ናቸው፤ ማለትም ከእናትም ከአባትም ካልመጡ አይታዩም። ይህን ያዙልኝ፤ ዘር ስናስቀር በጣም ይጠቅመናል።

ግሪን ዜብራን ብዙ የዘር ሻጭ ከጥንት ዝርያዎች ተርታ ያስቀምጠዋል። የጥንት አይደለም። ከሲያትል በስተሰሜን በምትገኘው በኤቨረት ከተማ የሚታወቀው አዳቃይ ቶም ዋግነር በ1983 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በራሱ የዘር ካታሎግ ያወጣው ነው። አራት የቆዩ ዝርያዎችን አዳቅሎ፣ ትውልድ በትውልድ እየመረጠ የደረሰበት ነው። ከነበሩት አረንጓዴዎች ኤቨርግሪን የሚባለው ጣዕሙ ጥሩ ሆኖ ቆዳው ይሰነጠቅ ነበርና፣ የማይሰነጠቅ አረንጓዴ ማግኘት አንዱ ዓላማው ነበር። በኋላ የካሊፎርኒያ ምግብ አብሳዮች ወደዱትና ስሙ ወጣ። ዲቃላ ሆኖ ቢጀምርም ዛሬ የረጋ ዝርያ ነው፤ ዘሩ ተቀምጦ ቢዘራ ያንኑ ይመልሳል።

አሁን ወደ ማወዳደሩ። ግሪን ዜብራ ችግኙ ከተተከለ ከ75 እስከ 80 ቀን ባለው ጊዜ ይደርሳል። ፍሬው ከ60 እስከ 90 ግራም፣ ክብ፣ በአንድ መዳፍ ሁለት የሚያዝ ነው። ተክሉ ማደጉን አያቆምም፤ ቁመቱ ከ1.8 ሜትር ያልፋል። ጣዕሙ ቀድሞ ይኮመጥጣል፣ ጣፋጩ ተከትሎ ይመጣል። ገና ቢጫ ሲነካው ከተቀጠፈ ኮምጣጣነቱ ያይላል፤ ሙሉ የማር ቀለም ሲይዝ ይለዝባል፤ ከዚያ ሦስት ቀን ካለፈው ግን ሁለቱንም ያጣል። ይህ ጠባብ ጊዜ የዝርያው ትልቁ ድክመት ነው፤ በኦገስት ሙቀት በየቀኑ ያልተጎበኘ ተክል ግማሽ ምርቱን መሬት ላይ ይጥላል።

ግሪን ሶሴጅ ሌላ ፍጥረት ነው። ፍሬው ረዘም ብሎ 10 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፣ ጫፉ ይሾላል፣ መስመሩ ቢጫና አረንጓዴ ሆኖ በርዝመቱ ይወርዳል። ተክሉ አጭር ነው፤ ሽቅብ ከማደግ ይልቅ ወደ ጎን ይንፈላሰሳል፣ ብዙ ፍሬ በአንድ ጊዜ ይይዛል። በረንዳ ብቻ ላለው ሰው ከሁሉ የምመክረው ይህን ነው። ሥጋው ከግሪን ዜብራ ይወፍራል፣ ፈሳሹ ያንሳል፣ ኮምጣጣነቱም ይቀንሳል። ችግሩ የፍሬው ታችኛው ጫፍ በቀላሉ መበስበሱ ነው፤ ብዙ ረዣዥም ፍሬዎች ይህ ችግር አላቸው። መንስኤው ወደ በኋላ ይመጣል።

ለኪ ታይገር በመጠን ከቼሪ ቲማቲም ተርታ ነው፤ ሞላላ፣ አረንጓዴ በወርቃማ መስመር፣ ሲበስል ውስጡ ቀይ የሚነካው። ከሦስቱ ይጣፍጣል፤ ለልጆች የሚሰጥ እሱ ነው። በርክሌይ ታይ ዳይ ግሪን ትልቅ፣ ተቆርጦ ዳቦ ላይ የሚነጠፍ ዓይነት ሲሆን አረንጓዴው ላይ ቢጫና ቀይ መስመር ይጨምራል። ቀዩ መውጣቱ መብሰሉን ስለሚያሳብቅ በዓይን ለመቅጠፍ ከሁሉ ይቀላል። ግን ደግሞ ትልቅ ስለሆነ ከዝናብ በኋላ ትከሻው ላይ ይሰነጠቃል፤ ቁጥሩም ጥቂት ነው። ሬድ ዜብራና ብላክ ዜብራ ስማቸው ቢቀራረብም በስለው አረንጓዴ አይቀሩም፤ መስመሩ ነው የሚያመሳስላቸው። ዘር ስትገዙ ስሙን አጣሩ። ከእነዚህ ጋር አንድ መስመር የሌለው አረንጓዴ፣ ለምሳሌ ኤቨርግሪን፣ ቢተከል ጣዕሙ ከመስመሩ የመጣ እንዳልሆነ በራሳችሁ አፍ ታረጋግጣላችሁ።

ለማወዳደር ሲባል ከየዝርያው ቢያንስ ሦስት ተክል ያስፈልጋል። አንድ ተክል አንድ ችግር ካገኘው፣ ዝርያው ሳይሆን ዕድሉ ይለካል። አተካከሉም ተራ በተራ ይሁን፤ ግሪን ዜብራ፣ ግሪን ሶሴጅ፣ ኤቨርግሪን፣ እንደገና ግሪን ዜብራ እያለ። አንዱን ዝርያ በሙሉ ፀሐይ ባለበት ጫፍ፣ ሌላውን በአጥሩ ጥላ ሥር ካደረጋችሁ ያወዳደራችሁት ፀሐይንና ጥላን ነው።

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ዘሩ ማርች አጋማሽ ላይ ቤት ውስጥ ይዘራል። ግማሽ ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃዋል። አፈሩ ከ24 እስከ 29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ከአምስት እስከ አሥር ቀን ውስጥ ይበቅላል፤ ቀዝቃዛ ምድር ቤት ውስጥ ከተቀመጠ ግን ሁለት ሳምንት አልፎት ይበሰብሳል። እንደበቀለ ብርሃኑ ከራሱ በላይ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ይብራለት። የመስኮት ብርሃን ብቻውን አይበቃም፤ ችግኙ ይቀጥናል፣ ይዘማል፣ ንፋስ ሲያገኘው ይተኛል። ከሁለቱ የመጀመሪያ ቅጠሎች ቀጥሎ እውነተኛው ቅጠል ሲወጣ ወደ ትልቅ ኩባያ ይዛወራል፤ ሲዛወር ግንዱ እስከ ቅጠሎቹ ሥር ድረስ ይቀበር። የቲማቲም ግንድ በተቀበረበት ሁሉ ሥር ያወጣል።

ወደ ውጭ ከመተከሉ በፊት ከሰባት እስከ አሥር ቀን ይለማመድ። መጀመሪያ ቀን አንድ ሰዓት ጥላ ውስጥ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ፀሐይ። ይህን የዘለለ ሰው ቅጠሉ በአንድ ከሰዓት እንደ ወረቀት ነጥቶ ያየዋል። መትከያው ሜይ መጀመሪያ፣ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች መውረድ ሲያቆም ነው። በኤፕሪል ሙቀት ተታልሎ መትከል አያሸልምም፤ በቀዝቃዛ አፈር ላይ የተተከለው ደንዝዞ ይቆምና ሁለት ሳምንት ዘግይቶ የተተከለው ይቀድመዋል። በተክሎች መካከል ከ60 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ይተው። በባልዲ ለሚተክል፣ ለግሪን ሶሴጅ 20 ሊትር፣ ለግሪን ዜብራ 40 ሊትር፤ ከዚህ ያነሰ ዕቃ በጁላይ ቀን ሁለቴ ውሃ ይጠይቃል።

ግሪን ዜብራ ጠንካራ ድጋፍ ይፈልጋል፤ ሁለት ሜትር ቁመት ያለው እንጨት ወይም የአጥር ሽቦ ተጠቅልሎ የተሠራ ቅርጫት። ሱቅ የሚሸጠው የሾጣጣ ሽቦ ቅርጫት ኦገስት ላይ ይወድቃል። ሁለት ዋና ግንድ ተትቶለት በየቅጠሉ ብብት የሚወጣው ቀንበጥ በየሳምንቱ ይቀንጠስ። ግሪን ሶሴጅ ግን አይቀነጠስም፤ ፍሬውን የሚይዘው በእነዚያው ቅርንጫፎች ላይ ስለሆነ የቀነጠሰ ሰው ምርቱን ነው የሚጥለው። ማዳበሪያን በተመለከተ፣ ከመትከል በፊት ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር የበሰለ ኮምፖስት ከአፈሩ ጋር መደባለቅ በቂ ነው። ናይትሮጅን የበዛበት ቲማቲም ዛፍ የሚያክል ቅጠል አውጥቶ ፍሬ ይነፍጋል።

ውሃ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሚበላሸው ነገር ብዙው ከዚህ ይመነጫል። ተክሉ በሳምንት ከ2.5 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ውሃ ይፈልጋል፤ ይህም በአንድ ካሬ ሜትር ከ25 እስከ 40 ሊትር ማለት ነው፣ ዝናቡ ተቀንሶ። በሁለት ወይም በሦስት ጊዜ ተከፍሎ፣ በጠዋት፣ ከሥሩ፣ ቅጠሉን ሳይነካ ይጠጣ። ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የገለባ ጉዝጓዝ እርጥበቱን ይይዛል። ውሃው አንድ ቀን ጎርፎ አንድ ሳምንት ሲቀር ሁለት ነገር ይደርሳል። አንደኛው የፍሬው ታችኛ ጫፍ መጥቆርና መበስበስ ነው። ካልሲየም ወደ ፍሬው ጫፍ የሚደርሰው ከውሃ ጋር ተጉዞ ነው፤ ውሃው ሲቋረጥ እሱም ይቋረጣል፣ ጫፉ ይሞታል። አብዛኛው አፈር ካልሲየም አያጥረውም። ስለዚህ የእንቁላል ቅርፊት መበተን ለዚህ ዓመት ፍሬ አይደርስም፤ ቅርፊቱ ለመሟሟት ረጅም ጊዜ ይወስዳል። የተበላሸው ፍሬ ይነቀል፣ ውሃው ይስተካከል፣ ቀጣዩ ዘለላ ጤነኛ ይወጣል። ሁለተኛው መሰንጠቅ ነው፤ ከድርቅ በኋላ ዶፍ ሲወርድ ሥጋው ከቆዳው ፈጥኖ ያብጣል። ዝናብ መምጣቱ ከታወቀ ቢጫ የጀመረውን ሁሉ ቀድሞ መቅጠፍ ነው፤ ቤት ውስጥ ይጨርሳል።

አበባ ያለ ፍሬ ሲረግፍ ብዙ ሰው ማዳበሪያ ይጨምራል። መጀመሪያ የሙቀት መለኪያውን እዩ። ቀኑ ከ32 ዲግሪ፣ ሌሊቱ ከ23 ዲግሪ በላይ ሆኖ ሲሰነብት ወንዴው ዱቄት ሥራውን ያቆማል። መድኃኒቱ ትዕግሥት ነው፤ ሙቀቱ ሲበርድ እንደገና ይይዛል።

አረንጓዴ ፍሬ ላይ ጉዳት ማንበብ ከቀይ ፍሬ ይከብዳል። በፀሐይ የተቃጠለ ትከሻ ነጣ ብሎ ቢጫ ስለሚመስል "በሰለ" ያሰኛል። ልዩነቱ ቦታው ነው፤ ብስለት ከታች ይጀምራል፣ ቃጠሎ ፀሐይ በሚያገኘው ጎን። በዚህ አካባቢ የበዛው ቡናማ፣ ጋሻ መሰል፣ ሲነኩት የሚገማ ነፍሳት ደግሞ ቆዳውን ወግቶ ሲመጥ ከሥሩ ደመናማ ነጠብጣብ ይተዋል፤ መስመር የተበላሸ ይመስላል። ያ ቦታ ተቆርጦ ሲወጣ ቀሪው ይበላል። ባለ ቀንዱ አረንጓዴ ትል ከእነዚህ ተክሎች ጋር ተመሳስሎ በቀን አይታይም፤ ማታ በአልትራቫዮሌት ባትሪ ሲበራበት ግን ያበራል። ጀርባው ላይ የሩዝ ፍሬ የሚመስሉ ነጫጭ ነገሮች የተለጠፉበት ትል ካገኛችሁ አትግደሉት፤ የጥገኛ ተርብ ልጆች ናቸው፣ ትሉን ጨርሰው ለሌሎቹ ይወጣሉ።

ቅጠል ላይ ከታች ጀምሮ ቡናማ ነጠብጣብ ሲወጣ ፈንገስ ነው። እርጥበት ባለው የአካባቢው በጋ አይቀሬ ነው፤ ግሪን ዜብራም ጠንካራ መከላከያ የለውም። ፍጥነቱን መቀነስ ግን ይቻላል። ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ድረስ ያለው ቅጠል ይነሳ፣ ጉዝጓዙ ከአፈር የሚፈናጠረውን ውሃ ያግታል፣ በአንድ ቦታ ላይ ቲማቲም፣ ድንች፣ ቃሪያ ለሦስት ዓመት አይመለስ።

አዲስ አበባ ላይ ችግሩ ይገለበጣል። ከፍታው 2,300 ሜትር አካባቢ በመሆኑ ሙቀት አበባ አያረግፍም፤ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ግን ብስለቱን ያራዝማል፣ 75 የተባለው ቀን ከመቶ ሊያልፍ ይችላል። በክረምት ዝናብ የሚመጣው ዋግ ተክሉን በቀናት ውስጥ ያጠቁረዋል፤ ስለዚህ ችግኙ ዝናቡ ሲያበቃ፣ መስከረም መጨረሻ ላይ ቢተከል ይሻላል። ቱታ አብሶሉታ የሚባለው ቅጠልና ፍሬ ውስጥ የሚሽሎኮለክ ትልም አለ፤ የተቦረቦረ ቅጠል በታየ ቀን ይቀንጠስና ከጓሮው ይውጣ።

ወደ ቀመሳው እንምጣ። ሁሉም በአንድ ቀን፣ በአንድ የብስለት ደረጃ ይቀመስ፤ የአውራ ጣቱ ፈተና እዚህ ነው ዋጋው። ከየዝርያው አምስት ፍሬ ከተለያየ ተክል ይወሰድ። ማቀዝቀዣ ያደረ ፍሬ አይግባ፤ ቅዝቃዜ መዓዛውን ይገድለዋል፣ ከ18 እስከ 21 ዲግሪ ጠረጴዛ ላይ ይቆይ። መጀመሪያ ያለ ጨው፣ ከዚያ በጨው። ቀማሹ ዓይኑን ይጨፍን፤ ይህን አጥብቄ እላለሁ። አረንጓዴ ያየ አፍ ኮምጣጣ ይጠብቃል፣ የጠበቀውንም ያገኛል። ዓይኑን የጨፈነ ሰው ግን ሙሉ የበሰለ ግሪን ሶሴጅን ከቀይ ቲማቲም ለይቶ "ይሄኛው ነው አረንጓዴው" ለማለት ይቸገራል። ጣዕም፣ ቆዳ፣ ሥጋ ለየብቻ ከአምስት ይመዘን፤ አንድ ድምር ነጥብ ብቻ ከተሰጠ በመጨረሻ ለምን እንደወደዳችሁት አታስታውሱም።

ወጥ ቤት ውስጥ ቦታቸው ሰላጣ ነው። ግሪን ዜብራ የራሱ ኮምጣጣነት ስላለው ሎሚው በግማሽ ይቀነስ፤ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ዘይትና ጨው እንደ ወትሮው። ቃሪያው ተለቅ ተለቅ ብሎ ይቆረጥ፣ አለበለዚያ ከቲማቲሙ አይለይም። ለፍትፍትም ይሆናል፤ እንጀራውን ከበላተኛው ፊት ማርጠብ ነው። ለስልስ ግን አይሆንም። ሙቀት ክሎሮፊሉን ወደ ጭቃማ ቡናማ ይለውጠዋል፤ ጣዕሙ ባይከፋም ድስቱ አያምርም።

ዘር ለማስቀረት፣ በጣም የበሰለ ፍሬ ተቆርጦ ዘሩ ከነፈሳሹ ጠርሙስ ውስጥ ይጨመቃል። ትንሽ ውሃ ተጨምሮ ከሁለት እስከ አራት ቀን ይብላላ፤ ላዩ ላይ ነጭ ሻጋታ ሲይዝ ይታጠብ፣ የሚንሳፈፈው ይደፋ። ሸክላ ሰሐን ላይ ይድረቅ፤ ሶፍት ላይ ከደረቀ ይጣበቃል። ቲማቲም በራሱ ወንዴ ዱቄት ነው ፍሬ የሚይዘው፤ ቢሆንም ንብ አልፎ አልፎ ታደባልቃለች። ስለዚህ ለዘር የሚሆነው ዘለላ አበባው ሳይፈነዳ በስስ የጨርቅ ከረጢት ይሸፈንና ፍሬ ሲይዝ ይገለጥ። ሦስቱ ባሕርያት ድብቅ ናቸው ያልኩት እዚህ ይጠቅማል፤ ከተራ ቀይ ቲማቲም ጋር የተዳቀለ ዘር በሚቀጥለው ዓመት መስመር የሌለው ቀይ ፍሬ ይዞ ራሱን ያጋልጣል። ያን ተክል ነቅሎ መጣል ይቻላል። ወይም ዘሩን ዘርቶ መጠበቅ፤ ከልጆቹ በአማካይ ከ64 ተክል አንዱ ሦስቱንም ይዞ ተመልሶ አረንጓዴ ባለ መስመር ይሆናል። ጓሮ ለጠበበው ሰው ግን መንቀሉ ይሻላል።

ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ውርጭ ሲቃረብ ተክሉ ላይ የቀረው ሁሉ ይለቀም። መደቡ ቢጫ የነካው በአንድ ንብርብር ካርቶን ውስጥ፣ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ባለበት፣ ከአንድ የበሰለ ሙዝ ጋር ከተቀመጠ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይጨርሳል። ቢጫ ያልነካው ግን፣ ከመካከሉ አንዱ ተቆርጦ ቢላዋው ዘሩን ከቆረጠው፣ ቢጠበቅም አይበስልም፤ እሱ በኮምጣጤ፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ጠርሙስ ውስጥ ይግባ። ሁለቱን በአንድ ካርቶን አትደባልቁ። ከሳምንት በኋላ ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው፣ ክዳኑን የሚከፍተውም ሌላ የቤት ሰው ሊሆን ይችላል፤ በካርቶኑ ላይ "የሚበስል" እና "የማይበስል" ተብሎ ይጻፍ።